አጥንቱን አስቀምጥና ጨርቁን አንሣ

ልጄ፣ የውሻ አፍ መሽተት የለበትም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርህ ሰው «ውሻ አይደል እንዴ፣ ታዲያ ምን ሊሸት ኖሯል?» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ጤነኛ ውሻ ፊትህ ላይ ቢያዛጋ የበላው ይሸትህ ይሆናል እንጂ ፊትህን አያስዞርህም። የሚከረፋ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ድዱ የታመመ አፍ ነው። ሰው ቢሆን መንጋጋውን ይዞ ሲያቃስት ያድር ነበር፤ ውሻ ግን ይበላል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ በሩን ይጠብቃል። ስለዚህ «ይበላ የለም እንዴ!» የሚለውን ማስረጃ እኔ ዘንድ አታምጣው። ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ሳህኑን ልሶ የሚያነሣ ውሻ ብዙ አይቻለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። አብዛኛው ጊዜዬ ከላምና ከበሬ፣ ከበቅሎና ከአህያ ጋር አለፈ። ውሻ የሚያመጣልን ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚያመጣውም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አንተ ቡችላህን ገና ከጥዋቱ ይዘህ ስለጠየቅኸኝ ደስ ብሎኛል። እናትህ «አጥንት ስጠው፣ ራሱ ያጸዳዋል» ትልሃለች። አንተ ደግሞ ስልክህ ላይ ያገኘኸውን የሎሚና የሶዳ ቅልቅል አሳየኸኝ። ሁለታችሁም ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም ብላችሁ ነው። እኔ የምመክርህ ከሁለቱም የቀለለ፣ ከሁለቱም ይልቅ ግን የሚሰለች ነገር ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ፣ ውኃና ጣትህ፣ በየቀኑ።

በየቀኑ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። አዋቂ ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ 20 ከላይ፣ 22 ከታች። በእነዚህ ጥርሶች ላይ ቀን ከሌት ስስ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ በዓይን እምብዛም የማይታይ ሽፋን ይለብሳል። የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ተጣብቆ የሠራው ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ እርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ያወጣዋል። ሁለት ሦስት ቀን ከተተወ ግን በምራቁ ውስጥ ያሉት ማዕድናት እየሰረጉበት ይጠነክርና ቢጫ፣ እያደር ቡናማ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጨርቅም ብሩሽም አያነቃንቀውም። የውሻ ምራቅ አሲድነቱ ከሰው ምራቅ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጥርሱ እንደ እኛ በቀላሉ አይቦረቦርም፣ ድንጋዩ ግን ቶሎ ይጋገርበታል። ውሻን የሚያሠቃየው ከጥርሱ ይልቅ ድዱ የሆነው ለዚህ ነው።

ድዱ ሲቆጣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ይታይበታል። ይህ ይመለሳል፤ ካጸዳህለት ይድናል። ካላጸዳህለት ሽፋኑ ከድዱ ሥር ይገባና ጥርሱን ይዞ ያቆመውን አጥንት ይበላዋል። የተበላ አጥንት አይመለስም። ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ይወድቃል። ትንንሾቹ የቤት ውስጥ ውሾች አፋቸው ጠባብ፣ ጥርሳቸው የተጨናነቀ ስለሆነ ከግቢ ውሻ ቀድመው ይታመማሉ።

ከንፈሩን ከጎን ገለብ አድርገህ እይ። ከክራንቻው ወደ ኋላ ስትሄድ ከሌሎቹ የገዘፈ፣ ሥጋ የሚቆርጥበት የላይ ጥርስ አለ። ከጆሮው ሥር የሚመጣው ምራቅ የሚፈስበት ቀዳዳ እዚያው አጠገብ ነው፤ ድንጋዩም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እሱ ላይ ነው። ጊዜ ባጠረህ ወይም ውሻው ባስቸገረህ ቀን የግራውንና የቀኙን ይህን ጥርስ ብቻ አጽዳና ተወው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳነው እዚህ ነው። ብሩሽ ይገዛል፣ ውሻውን ጥግ ያስይዛል፣ አፉን ፈልቅቆ ይፈትጋል። ውሻው ያን ቀን የሚማረው ብሩሽ ሲያይ መሸሽን ነው። አንተ በመጀመሪያው ሳምንት ጥርሱን ጨርሶ አትንካ። ማታ ራቱን ከበላ በኋላ፣ ግቢው ጸጥ ሲል፣ ከጎኑ ቁጭ በል። ፊት ለፊቱ አትቁም፣ ከላይ ሆነህም አትጫነው፤ ሊደበድቡኝ ነው ብሎ ይሠጋል። አገጩን ከሥር ያዝ፣ ጉንጩን እሸው፣ ከንፈሩን በአውራ ጣትህ ከፍ አድርገህ ቶሎ ልቀቀው። ወዲያው ትንሽ ቁራሽ ሥጋ ስጠው። ሽልማቱ ከዘገየ ምን ስላደረገ እንደተሸለመ አይገባውም። ይህንኑ በማግስቱ ድገመው። እሱ ሳይሰለች አንተ አቁም።

ከንፈሩ መነካቱን ሲለምድ ጣትህን ሽንኩርትና ጨው ባልገባበት የሥጋ መረቅ ነክረህ ድዱ ላይ አሂድ። ይልሰዋል፤ ይላስ። ቀጥሎ ጣትህ ላይ ጨርቅ ጠቅልል። ታጥቦ የፈላ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወይም አቡጀዲ ይበቃሃል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል ጋዝም ሸካራ ስለሆነ ሽፋኑን በደንብ ይጠርጋል። ጫፉን አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳይነጥቅህና እንዳይውጠው። አፉን መክፈት አያስፈልግህም። ጥርሱን ገጥሞ ሳለ ከንፈሩን ብቻ ገልበህ በጉንጩ በኩል ያለውን ገጽ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጥረግ። የውስጡን ገጽ ምላሱ እየላሰ ይረዳሃል፤ ድንጋዩም በአብዛኛው የሚጋገረው በውጩ ነው። በየጎኑ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። በጣም ሲለምድህ ለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ በውኃ ብቻ አርሰህ፣ ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገህ በቀስታ ማሽከርከር ትችላለህ። ብሩሽ ከጨርቅ የሚበልጠው በድዱና በጥርሱ መካከል ወዳለችው ጠባብ ቦታ ስለሚገባ ነው። ጨርቁን ብቻ ከፈቀደልህ ግን አታስጨንቀው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ደም ብታይ አትደንግጥ፤ የተቆጣ ድድ ነው። በእርጋታ ከቀጠልክ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይተዋል፤ ካልተወ ሐኪም ይየው። ካጉረመረመ ግን እጅህን ሰብስብ። የሚያጉረመርም ውሻ እያስጠነቀቀህ ነው። በማጉረምረሙ ከመታኸው ማስጠንቀቁን ይተዋል፣ መንከሱን ግን አይተውም። ታናናሾችህም ይህን ሥራ አይሞክሩት፤ ውሻው የቱንም ያህል ገራም ቢሆን።

በየቀኑ ካልሆነልህ ቀን ዘልለህ አድርገው። በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ግን ብዙም አትድከም፤ እስከዚያ ሽፋኑ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ስለምትቀባው ነገር እንነጋገር። የራስህን የጥርስ ሳሙና አትጠቀም። እኛ ተጉመጥምጠን እንተፋዋለን፣ ውሻ ይውጠዋል። ፍሎራይዱ ሆዱን ይረብሸዋል፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ከሆነማ ለሕይወቱም ያሠጋል። ይህ ነገር በውሻ ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ የደሙ ስኳር በአጭር ጊዜ ውስጥ ያሽቆለቁላል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። ስኳር የለውም ተብሎ በሚሸጥ ማስቲካ ውስጥም ስለሚገኝ ጃኬትህን ሶፋ ላይ ጥለህ አትሂድ።

ሎሚው አሲድ ነው፤ የጥርሱን ጠንካራ ገጽ ይበላል። ሶዳው ጨውነቱ የበዛ ነው፤ በየቀኑ ሲውጠው ሆዱን ያውከዋል፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ውሻ ደግሞ ይብሳል። ሁለቱን ስትቀላቅላቸው አረፋ አውጥተው እርስ በርሳቸው ይሻሻራሉ። ያ አረፋ ነው ሰውን የሚያታልለው፤ ሲንቸፈቸፍ ሥራ እየሠራ ይመስላል። ነጭ ሽንኩርት ለጥርስ ሕመም ይነከስ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለውሻ ግን ቀዩም ነጩም ሽንኩርት የደሙን ቀይ ሕዋስ ያፈርስበታል፣ ቢቀቀልም ቢቁላላም ያው ነው። የቅርንፉድ ዘይትም አፉን ያቃጥለዋል፣ ከበዛም ይመርዘዋል። የኮኮናት ዘይት ጠብታ አይጎዳውም፤ የሚጠርገው ግን ጨርቁ ነው እንጂ ዘይቱ አይደለም፣ ብርህን አስቀምጥ።

ጠዋት ጠዋት የወይራ መፋቂያዬን ይዤ ስታየኝ «ለቡችላውስ?» ብለኸኛል። አይሆንም። እኛ ጫፉን አኝከን አለስልሰን ነው የምንፍቅበት፤ ውሻ ግን ይሰነጥቀዋል። ስንጣሪው ድዱ ውስጥ ይሰካል። አንዳንዴም ቁራጩ ላንቃው ላይ፣ በግራና በቀኝ መንጋጋው መካከል ተወትፎ ይቀርና ውሻው ፊቱን በእግሩ ሲቧጥጥ ይውላል።

በአጥንቱ ጉዳይ እናትህን በአክብሮት እቃወማለሁ። የሚያኝክ ውሻ ጥርሱ ከማያኝከው ይልቅ ንጹሕ መሆኑን እሷም አይታለች፣ ልክ ነች። ግን የውሻ መንጋጋ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይፈጭም። ጠንካራ ነገር ሲነክስ ጉልበቱ ሁሉ በዚያ በትልቁ የላይ ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ጥርሱ ከጎኑ ሰፊ ቁራጭ ይገመስና ውስጡ ያለው ነርቭ ይጋለጣል። የቅልጥም አጥንት፣ ቀንድ፣ ሰኮና፣ ድንጋይ ሁሉም ለዚህ ይበቃሉ። መለኪያው ቀላል ነው። በአውራ ጣትህ ጥፍር ስትጫነው ካልሰረጎደ ወይም ጉልበትህን ብትመታበት የሚያምህ ከሆነ ለውሻህ አፍ አይሆንም።

የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ይደርቃል፣ ሲሰበርም ይሾላል፤ የዶሮ አጥንት ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የፋሲካን ማለዳ አስበው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጿሚ ቤት ውሻው ያን ሁሉ ጊዜ ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበላ ይከርማል። ጾሙ ሲፈታ የዶሮው አጥንት፣ የበጉ ጎድን፣ ጮማው፣ በሽንኩርት የተሠራው ወጥ ትራፊ፣ ሁሉም በአንድ ሳህን ይወርድለታል። ደስታን ከእንስሳም ጋር መካፈል መልካም ልብ ነው፤ ነገር ግን በበዓል ማግስት የሚያስመልሰውን፣ ሆዱ የተነፋውን፣ አጥንት ወደ ኋላ አላልፍ ብሎት የሚያምጠውን ውሻ ያየ ሰው ነው የሚነግርህ። ለበዓል ልታስደስተው ከፈለግህ ሥጋው ወጥ ውስጥ ሳይገባ ጥቂት ቀይ ሥጋ ቀንሰህ ለብቻው ቀቅልለት፤ አጥንት አልባ፣ ሽንኩርት አልባ።

ጥሬ አጥንት ይሻላል የሚሉህም አሉ። እንደ ተቀቀለው አይሰነጠቅ ይሆናል፣ ጥርስ መስበሩ ግን አልቀረም። እኔን ከአጥንቱም ይልቅ የሚያስፈራኝ ከእርዱ የሚወረወርለት ሳንባና ጉበት ነው። በግ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ «ይኸ ለሰው አይሆንም» ይባልና ለውሻው ይጣላል። ከረጢቱ የያዘው የትል ዕጭ ነው። የውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይና አፉ ዙሪያም ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ዓመታት ወስዶ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። አንተ ደግሞ በየማታው ጣትህን ወደዚያ አፍ ልትሰድ ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ አቃጥለው፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበረው። የትል መድኃኒቱን ሐኪም ባለህ ጊዜ ስጠው። ጥርሱን ባጸዳህ ቁጥርም እጅህን በሳሙና ታጠብ።

ማኘክ ግን ያስፈልገዋል፤ የሚያኝከው ካጣ ጫማህን ይበላልሃል። ጥሬ ካሮት በረጅሙ ቆርጠህ ስጠው፣ ሲጫኑት የሚለመጥ ወፍራም የላስቲክ መጫወቻም ጥሩ ነው። ካሮቱ ጥርሱን ያጸዳዋል ብለህ ጨርቁን እንዳትተው ብቻ። የቴኒስ ኳስ ጸጉሩ አሸዋ እየያዘ ጥርሱን ይሞርደዋል። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ሰንሰለቱን ስለሚያኝክ ክራንቻው ከጀርባው በኩል ያልቃል፤ አጥራችሁ ደህና ነውና ፍታው። የአክስትህ ልጅ ከዋሽንግተን የሚታኘክ ነገር ልላክ ካለች የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት ማኅተም ያለበትን ትምረጥ። ማኅተሙ የሚሰጠው ሽፋኑን ወይም ድንጋዩን መቀነሱ በሙከራ ለታየ ምርት ነው።

ቡችላህ የሚኖሩት የወተት ጥርሶች 28 ናቸው። ከሦስት አራት ወሩ ጀምሮ ይረግፋሉ፤ በስድስት በሰባት ወሩ ቋሚዎቹ ወጥተው ያልቃሉ። የረገፈውን ብዙ ጊዜ ይውጠዋል፣ አይጎዳውም። በዚያ ወቅት ድዱ ስለሚያመው መጥረጉን ቀነስ አድርግ፤ ከንፈሩን መንካቱን ግን አታቋርጥ፣ ያገኘኸውን እምነት አታጣው። ቋሚው ክራንቻ ወጥቶ የወተቱ ከጎኑ አልወድቅ ካለ ሐኪም ይንቀለው፤ በሁለቱ መካከል ቆሻሻ ይሰነቀራል፣ ቋሚውም ተጣሞ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገምለት። ያልተከተበ ውሻ አፍ ውስጥ እጅህን አታስገባ። የራስህ ይሁን የሰፈር ውሻ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁና ጠባዩ የተለወጠ ብታይ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ይሆናል» ብለህ ልትረዳው እንዳትጠጋ። ከነከሰህ ወይም ለሃጩ ቁስልህን ከነካ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ ሳታሳድር ጤና ተቋም ሂድ። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጸበሉን አልከለክልህም፤ መጀመሪያ ግን ክትባቱ።

ጨርቅህ የማይችለውንም እወቅ። የጋገረውን ድንጋይ በቢላ ጫፍ ወይም በሚስማር ፍቀው የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ጥርሱ ሲነጣ ይረካሉ። ነገር ግን ገጹ ተጫጭሯል፣ በተጫረው ላይ ሽፋኑ ከበፊቱ የበለጠ ይይዛል፤ በሽታው ያለው ደግሞ ከድዱ በታች ነው፣ ያንን አልነኩትም። ይህን ሥራ ሐኪም በማደንዘዣ ነው መሥራት ያለበት፤ ነቅቶ ያለ ውሻ ከድዱ ሥር እንዲገቡበት አይፈቅድም። በአገራችን አብዛኛው የእንስሳት ክሊኒክ ለከብት የተሰናዳ ስለሆነ በሄድህበት ሁሉ አታገኘውም። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ከመሄድህ በፊት ማደንዘዣ ይሰጡ እንደሆነ፣ ከድድ ሥርም ያጸዱ እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ። ዋጋውንም ጠይቅ፤ ሳይጠይቅ ሄዶ ከበር የሚመለስ ብዙ ነው።

ሳትዘገይ የምትሄድባቸው ምልክቶች አሉ፦ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲያኝክ፣ ጉርሻውን ሲጥል፣ ውኃ ሳህኑ ላይ ደም ሲቀር፣ ጥርሱ ሲነቃነቅ። ከዓይኑ በታች ካበጠበት ደግሞ የዓይን ቅባት ፍለጋ አትሂድ፤ የዚያ የትልቁ የላይ ጥርስ ሥር መግል ሲቋጥር እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ ነው።

አሮጌው የግቢያችሁ ውሻ ግን ከቡችላው ይለያል። ጥርሱ በድንጋይ ተሸፍኗል፣ ድዱም ሸሽቷል። እሱ ላይ ጨርቁን አትጀምር፤ ያመዋል፣ ቢነክስህም ጥፋቱ የእሱ አይሆንም። መጀመሪያ ሐኪም አጽድቶ የሚነቀለውን ይንቀልለት። እናትህ «ጥርሱ ከወለቀ በምን ይበላል?» ማለቷ አይቀርም። የታመመ ጥርስ ካለው ውሻ ይልቅ ጥርስ የሌለው ውሻ ደህና ይበላል፤ እንጀራውን በመረቅ አርሳ፣ ሥጋውን አድቅቃ ትስጠው። ድዱ ሲሽር፣ ሐኪሙ ጀምር ባለህ ቀን፣ በቀሩት ጥርሶቹ ላይ ጨርቁን መያዝ ትችላለህ።